እማዬ ተደብቃ እንጀራ ታጎርሰዋለች፣ ይሄን ኬቶ እንዴት ላድርገው?

«ሰላም እትዬ፣ ሁሌ አነብሻለሁ ግን ጽፌልሽ አላውቅም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምንኖረው። ልጄ ማሙሽ (ቤት ውስጥ እንደዛ ነው ምንጠራው) 4 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። ሲዠር (የሚጥል በሽታ) የጀመረው 3 ዓመት ሳይሞላው ነው፣ አሁን በቀን አስር አስራ አምስት ጊዜ ጭንቅላቱን ድፍት ያደርጋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቆሞ እንደ ግንድ ይወድቃል፣ ግንባሩ ሁለቴ ተሰፍቷል፣ ሄልሜት አርጎ ነው ሚውለው። ኬፕራ ሚባል መድኃኒት ሞከርን፣ ኦንፊ ሞከርን፣ አሁን ዴፓኬን ሽሮፕ ላይ ነው። ኒውሮሎጂስቱ (የነርቭ ሐኪሙ) ኬቶጄኒክ ዳይት፣ ቅባት በዝቶ እንጀራና ስኳር ሚቀንስበት አመጋገብ፣ ይሻላል አለን፣ በሚቀጥለው ወር ሆስፒታል ገብቶ ይጀምራል። እኔ የማታ ሽፍት ነው ምሰራው፣ ቀን ስተኛ ምትይዝልኝ እማዬ ናት፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ስምንት ወሯ። ስነግራት አለቀሰች፣ ‹እንጀራ ያልበላ ልጅ ምን ልጅ ነው፣ በረሃብ ልትገድሉት ነው› አለች። ካሁኑ ጣፋጭና እንጀራ ቀንሱለት ተብለን ስንቀንስ፣ ተደብቃ ስታጎርሰው ያዝኳት። ባሌ ደግሞ ቲክቶክ አይቶ ‹ሆስፒታል ምን ያደርጋል፣ ስጋና እንቁላል እያበላን መድኃኒቱን እናቁምለት› ይላል። ቤታችን ጾም ይጾማል፣ ማሙሽም ይቆርባል። ይሄ ነገር በኛ ቤት ይቻላል?»

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽ እኔጋ ሁለት ቀን አደረ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፣ እናትሽ ሲያጎርሱት የያዝሽበት ቦታ ላይ ስደርስ እያቆምኩ ነው። ልጄ አሁን 13 ዓመቷ ነው፣ ከ5 ዓመቷ ጀምሮ ሁለት ዓመት ከምናምን ኬቶ ላይ ነበረች። ሐኪም አይደለሁም፣ ምነግርሽ በእጄ ያለፈውን ነው፣ የግራሙና የመድኃኒቱ ነገር ከሐኪሙና ከዳይቲሺያኗ (ከምግብ ባለሙያዋ) አፍ ብቻ ነው ሚወጣው።

ባልሽን እናስቀድም፣ ያስፈራኝ እሱ ነው። በእናትሽ ጉርሻ ልጁ አይሞትም፣ በባልሽ ሐሳብ ግን ሊሞት ይችላል፣ እንዲህ ብለሽ አንብቢለት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማያቋርጥ ሲዠር ሊያስነሳ ይችላል፣ ዳይቱ ሚጀመረው መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ነው፣ ከሰራ ከወራት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ሌላው ደግሞ ሰውነታቸው ከተፈጥሮ ስብ ማቃጠል የማይችል ልጆች አሉ፣ ኢንዛይሙ ይጎድላቸዋል፣ እንደዚህ ያለ ልጅ ኬቶ ቢጀምር አደጋ ላይ ነው ሚወድቀው፣ ሆስፒታሉ ከመጀመሩ በፊት ደምና ሽንት ሚወስደው ለዚህ ነው። ቲክቶክ ላይ ያለው ሰውዬ የማሙሽን ደም አላየም። ደግሞ ስጋ በስጋ ማድረግ ይሄኛው ኬቶ አይደለም፣ ፕሮቲን ሲበዛ ጉበት ወደ ስኳር ይቀይረዋል። የጎልማሳ ቦርጭ ማጥፊያ ኬቶና የህጻን ሲዠር ኬቶ ስማቸው ነው አንድ።

ሂሳቡን ላሳይሽ፣ ባልሽም ይይ። ክላሲክ ሚባለው ዳይት 4 ለ1 ነው፣ ማለት 4 ግራም ስብ ለ1 ግራም ፕሮቲንና ካርቦ (የእህልና የስኳር ነገር) ተደምሮ። ለምሳሌ 16 ኪሎ የሆነ ልጅ በቀን 1100 ካሎሪ ታዘዘለት እንበል (የማሙሽ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ለምሳሌ ነው)፣ ስቡ 110 ግራም ይሆናል፣ ፕሮቲንና ካርቦ አንድ ላይ 27 ግራም ገደማ፣ ለማደግ ደግሞ ፕሮቲን ወደ 16 ግራም ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ለካርቦ ሚቀረው በቀን 11 ግራም ነው። በቀን! 100 ግራም እንጀራ ውስጥ 30 ግራምና ከዛ በላይ ካርቦ አለ፣ የእናቶቻችንን ጉርሻ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ጉርሻ የቀኑን ኮታ በልቶ ይጨርሳል። ብዙ ልጆች በዝቅተኛ ልክ 3 ለ1 ወይ ከዛ በታች ይሰጣቸዋል፣ ሞዲፋይድ አትኪንስ ሚባል ላላ ያለም አለ፣ የትኛው እንደሚሆን እነሱ ይወስናሉ፣ ግን የትኛውም ቢሆን ሁለት ጉርሻ አይችልም።

አሁን ወደ እናትሽ። «ይጎዳዋል» ማለት አልሰራም አይደል? እኔም አልሰራልኝም። የሰራልኝ የጾም ነገር ነው። የዚህ ዳይት መነሻው ጾም ነው እኮ፣ ድሮ ሐኪሞች ሚጥላቸው ሰዎች ሲጾሙ ሲዠራቸው እንደሚቀንስ አይተው ነበር፣ ችግሩ ልጅ እስከመቼ ይጾማል፣ ከዛ በ1921 እ.ኤ.አ. ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ራስል ዋይልደር ሚባል ሐኪም፣ ልጁ እየበላ ሰውነቱ ግን የጾመ እንዲመስለው ብናደርግስ ብሎ አሰበ። አእምሮ በደህናው ጊዜ ስኳር ነው ሚያነደው፣ ስኳር ሲጠፋ ጉበት ከስብ ኬቶን ሚባል ነገር ይሰራለታል፣ በዛ ሲነድ ብዙ ልጆች ላይ ሲዠሩ ይረግባል። እና ለእናትሽ እንዲህ በያቸው፣ «ማሙሽን አላስራብነውም፣ በቅቤ እየበላ ሚጾም ጾም ነው የታዘዘለት»። ወንጌል ላይ ያለውን ያን እሳትና ውሃ ውስጥ ሚጥለውን ልጅ፣ በጸሎትና በጾም የተባለለትን፣ እናትሽ ካንቺ በላይ ያውቁታል፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም ግን አባባ፣ አባቴን ማለቴ ነው፣ ይሄን ስነግረው ዝም አለና «እሱንማ አውቀዋለሁ» አለኝ፣ ከዛ ወዲያ ኬቶ የፈረንጅ ነገር መሆኑ ቀረ።

የአባባን ነገር ልጨርስልሽ። ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለኩት እሱን ስለሆነ። ልጄ ዳይቱን በጀመረች በአራተኛው ሳምንት ሲዠሯ ጠፋ፣ አስራ ሰባት ቀን ምንም የለም፣ እኔ አምላኬን እያመሰገንኩ ነው፣ ከዛ አንድ ማክሰኞ ተመለሰ፣ ሮብም፣ ሐሙስም። የሽንት ስትሪፑ (ሽንት ውስጥ ኬቶን መኖሩን በቀለም ሚያሳየው ወረቀት) ደማቅ ሐምራዊ የነበረው ፈዘዘ። ሚዛኑን ቀየርኩ፣ ክሪሙን ቀየርኩ፣ የጥርስ ሳሙናውን ሳይቀር ቀየርኩ፣ ዳይቲሺያኗን በቀን ሦስቴ ደወልኩላት። ቅዳሜ ልብስ ላጥብ ጃኬቷን ስገለብጥ ከኪሷ ቆሎ ዘረገፈ። ገብስና ሽምብራ። አባባ ፓርክ ሲወስዳት እየቆጠረ ይሰጣት ነበር፣ «አስር ፍሬ ብቻ ነው እኮ» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ሲሰጣት ይቆጥራል።

ጮህኩበት። ይሄን አልደብቅሽም። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም፣ በሦስተኛው ቀን ቀጠሮ ነበረን፣ ትቼው ልሄድ ኮቴን ስለብስ እሱም ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ይዤው ሄድኩ። እዛ ዳይቲሺያኗ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስገባችና በቀጥታ ለሱ ማውራት ጀመረች፣ ለኔ አይደለም፣ ለሱ፣ «ጌታዬ፣ አስር ፍሬ ቆሎ ስንት ግራም እንደሆነ አብረን እንመዝን» አለችው። መዘኑ። ከዛ የሰኞውን ስትሪፕና የአርቡን ስትሪፕ ጎን ለጎን አሳየችው። አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመጋዘን ሰራተኛ ነበር፣ ሚዛን ማለት ለሱ ቋንቋው ነው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ የቤታችን ሚዛን ያዥ እሱ ሆነ፣ እኔን ራሴን «0.4 ግራም አለፈሽ» እያለ ያስመልሰኝ ጀመር፣ ጠዋት ጠዋት ስትሪፑን እያየ «ሐምራዊ!» ብሎ ሚጮኸው ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቂ። አንቺ እንግሊዝኛ ብትችዪም ለእናትሽ ጠይቂ፣ ሆስፒታሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ አታፍሪ። እናትሽ ትምህርቱ ላይ ይቀመጡ፣ ቀን ቀን ሚይዙት እሳቸው ናቸው፣ አንቺ ተኝተሻል። ካንቺ አፍ ሲሰሙት የልጅ ትእዛዝ ይሆንባቸዋል፣ ከሐኪም አፍ ሲሰሙት አደራ ይሆናል።

አንዲት ነገር ጣልቃ ላስገባ፣ የሲዠር ደብተር ሚይዙት እናትሽ ከሆኑ ሰዓቱን ተነጋገሩ። አባባ በኛ አቆጣጠር «2፡30 ጣላት» እያለ ጽፎ ኒውሮሎጂስቱ ሌሊት ነው ብሎ የማታውን ዶዝ ሊጨምር ነበር፣ ለካ ቁርስ ሰዓት ነው። «ጠዋት» «ማታ» ብለው ይጻፉ። ክብሪት ማሸተትም ይቅር፣ ሲጥለው በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ የተሰጣችሁን የድንገተኛ መድኃኒት ሰጥቶ 911 መደወል፣ በቃ።

ጉርሻውን ግን አትከልክዪያቸው። ምን ማለቴ ነው፣ እኛ ቤት እንቁላልና ሄቪ ክሪም መትተን ምጣድ ላይ በስሱ እየጋገርን «የሷ እንጀራ» አልነው፣ ሁሉም ተመዝኖ ነው፣ በሱ ላይ በደንብ የተከተፈ ጎመን በንጥር ቅቤ፣ እሱም ተመዝኖ፣ አባባ ጠቅልሎ ያጎርሳታል። የተመዘነ እስከሆነ ድረስ በማንኪያም ይግባ በእጅ ለሲዠሩ ለውጥ የለውም። እናትሽ ያለቀሱት ለእንጀራው ይመስልሻል? ከእጃቸው ሚበላ ልጅ ሊያጡ መስሏቸው ነው። ይሄን አዘገጃጀት ለዳይቲሺያኗ ስጪያትና በማሙሽ ግራም ትስራልሽ።

እውነቱን ልንገርሽ አይደል፣ የኛ ኩሽና ለዚህ ነገር መጥፎ አይደለም። ፈረንጆቹ ቅቤ በማንኪያ መብላት ሲጨንቃቸው እኛ ቤት ንጥር ቅቤ ያለበትን ምግብ ማን ይሰለቸዋል። ጎመን፣ እንቁላል ፍርፍር፣ አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ ክትፎ፣ ዶሮ ከነቆዳዋ፣ እነዚህ ሁሉ ይገባሉ። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው፣ ሽንኩርት! የኛ ወጥ መሰረቱ ሽንኩርት ነው፣ 100 ግራም ሽንኩርት 9 ግራም ያህል ካርቦ አለው፣ ዶሮ ወጥ ውስጥ ስንት ኪሎ እንደሚገባ ካንቺ አይሰወርም፣ እና «ስጋውን ብቻ ከወጡ አውጥቼ ሰጠሁት» የለም። አይብም ቅቤው የወጣለት ስለሆነ እንደመሰለን ቅባት የለውም፣ ይመዘናል። ሽሮ፣ ምስር፣ በሶ፣ አጃ፣ ወተት ወደዛ። ሌላ ደግሞ ሳህኑ ላይ ምንም መቅረት የለበትም፣ የቀረው ዘይትና ቅቤ እኮ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው፣ በላስቲክ ማንኪያ ተጠርጎ አፉ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ትለምጂዋለሽ ልልሽ አልችልም፣ እኔ አልለመድኩትም ነበር ግን አደረኩት።

ዴፓኬኑ ሽሮፕ ነው ብለሻል፣ እሱ ራሱ ስኳር አለው። አሁኑኑ ኒውሮሎጂስቱንም ፋርማሲስቱንም ጠይቂ፣ ካፕሱል ሆኖ ምግብ ላይ ሚነሰነስ አይነት አለ፣ ራስሽ እንዳትቀይሪው። የትኩሳት ሽሮፕ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ጋሚ ቫይታሚን፣ ሁሉም እንደዛው። ቫይታሚንና ካልሲየም የግድ ይታዘዝለታል፣ ምክንያቱም ይሄ ምግብ ብቻውን ሙሉ አይደለም።

ሲታመም ነው ከባዱ። አንዴ ልጄ አስመለሳትና አንድ ኢመርጀንሲ ሄድን፣ ዳይት ላይ ናት ብዬ ሁለቴ ተናግሬ ዘወር ስል ስኳር ያለው ግሉኮስ ሰቅለውላታል፣ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ አያውቁትም፣ ከሆስፒታልሽ «ኬቶጄኒክ ዳይት ላይ ነው፣ እንዲህ አድርጉ፣ በዚህ ስልክ ደውሉ» ሚል ደብዳቤ አጽፈሽ አንዱን ቦርሳሽ ውስጥ አንዱን መኪና ውስጥ አንዱን የእናትሽ ቦርሳ ውስጥ ክተቺ። የደሙ ስኳር በጣም ከወረደ ግን ስኳር መስጠት ግድ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አትከራከሪ። ልጁ ከመጠን በላይ ከፈዘዘ፣ በቶሎ በቶሎ ከተነፈሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ነገ እናያለን ማለት የለም፣ ደውዪ።

ጾሙ ቀላል ነው፣ በቤተክርስቲያናችን ልጅ ጾም ሚጀምረው 7 ዓመት ገደማ ነው፣ ማሙሽ ገና ነው። ሚያስቸግረው ድስቱ ነው፣ በሁዳዴ ቤቱ በሙሉ ዘይት ሲሆን አንድ ምድጃ ላይ ቅቤ ይጮሃል፣ እናትሽ እጃቸውን ስንቴ ይታጠቡ? ለሱ ብቻ አንድ ትንሽ መጥበሻ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ ግዢና በቀይ ቴፕ አስሪበት፣ ለነሱም ለጾም ይመቻቸዋል ላንቺም ሌላ ሽንኩርት እንዳይነካው ይጠቅምሻል። ለቁርባን የንስሐ አባታችሁን አነጋግሪ፣ ለዳይቲሺያኗም ንገሪያት ከቀኑ ሂሳብ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ዋናው ግን ባዶ ሆዱን ብዙ ሰዓት መቆየቱ ነው፣ ኬቶ ላይ ያለ ልጅ ስኳሩ ቶሎ ሊወርድ ይችላል፣ ስንት ሰዓት እንደሚችል ሐኪሙ ይንገራችሁ። ጸበሉ ችግር የለውም፣ ውሃ ነው፣ እንዲያውም ውሃ በደንብ መጠጣት አለበት፣ ኩላሊት ጠጠር ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ይሄ ዳይት ነው። ጸበል ቦታ መድኃኒቱን አቁሙ ሚል ሰው ካለ ግን ተነስተሽ ሂጂ።

ከጠጠሩ ሌላ ድርቀት ይኖራል (ይሄኛው ብዙውን ልጅ ያገኘዋል)፣ ኮሌስትሮል ከፍ ይላል፣ ቁመት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ለዚህ ነው በየሦስት ወሩ ደም ሚወስዱት። ቀጠሮ አትዝለዪ።

ይሰራል ወይ? በ2008 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ 145 ልጆችን ከሁለት ከፍለው ነበር፣ ለግማሹ ወዲያው ዳይቱን፣ ለግማሹ የነበረውን ሕክምና እየሰጡ በሦስት ወር ሲያዩ፣ ዳይቱ ላይ ከነበሩት 38 በመቶዎቹ ሲዠራቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል፣ ካልጀመሩት 6 በመቶ ብቻ። ሙሉ በሙሉ ሚጠፋላቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ምንም ማይለወጥላቸውም አሉ። ጭንቅላቱን ድፍት እያደረገ ድንገት ሚወድቅ ልጅ ላይ ግን፣ ዶዝ ሲንድሮም (Doose) ሚሉት የሚጥል በሽታ አይነት ከሆነ፣ በደንብ ከሚሰራባቸው አንዱ ነው፣ ማሙሽ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ስሙን ጽፎ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ደግሞ ሁለት መድኃኒት ተሞክሮ ካልሰራ ሦስተኛው ሚሰራበት እድል ትንሽ ነው፣ ሐኪምሽ አሁን ያለሽ በምክንያት ነው።

ባልሽ ፊልም ይወዳል መሰለኝ፣ ይሄን ንገሪው፣ ጂም አብርሃምስ ሚባል የሆሊውድ ዳይሬክተር ነበር፣ ልጁ ቻርሊ በ1993 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት እምቢ ያለ ሲዠር ያዘው፣ ስለዚህ ዳይት ራሱ ላይብረሪ ገብቶ አንብቦ ነው ያገኘው፣ በ1938 እ.ኤ.አ. አዲስ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ሐኪሙም ሁሉ ረስቶት ነበር። ግን አንብቦ ምን አደረገ? ቤቱ ስጋ መጥበስ አልጀመረም፣ ልጁን ይዞ ከካሊፎርኒያ ባልቲሞር ድረስ መጣ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ዳይቲሺያን እየመዘነችለት። ልጁ ዳነ። ካንቺ ቤት ባልቲሞር ስንት ነው፣ አንድ ሰዓት።

ሦስት ወር ስጪው። ከሦስት ወር በፊት አልሰራም ብለሽ አትተዪ፣ ከሦስት ወር በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ ደግሞ እኔ ጥፋት ሰራሁ ብለሽ ራስሽን አትብዪ፣ ይተዋል፣ ሌላ ይፈለጋል፣ ሲተውም በሐኪም ቀስ ተብሎ ነው። ከሰራ ወደ ሁለት ዓመት ያህል ነው አብዛኛው ልጅ ሚቆይበት፣ የዘላለም አይደለም፣ የኔዋ ባለፈው ሳምንት ለልደቷ ሽሮ ብላ አዘዘች።

ሚዛኑን ካሁኑ ግዢ፣ ሆስፒታል እስክትገቡ እናትሽ ይለማመዱበት፣ 0.1 ግራም ሚያነብ ይሁን፣ ያ ትልቁ የፍራፍሬ ሚዛን አይሆንም። ትርፍ ባትሪም ያዢ፣ የኛ አንዴ እሁድ ማታ ሞቶብን አባባ ፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ ሲቪኤስ ፋርማሲ ሮጧል።